ዳኛው እጁንም ይጠቀም፦ ስለ ቴሪየር ውሾች የትርዒት ዳኝነት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቴሪየር ውሾች የትርዒት ዳኝነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ባለን ሰዎች መካከል ብዙ አነጋግሯል። ቴሪየር ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያስወጣ የተረባ ትንሽ የአደን ውሻ ነው፤ ትርዒቱም ውሾች በዳኛ ፊት ቀርበው የሚወዳደሩበት ነው። ጸሐፊው ውሻ የሚወዱና የውጭ ትርዒቶችን በቅርብ የሚከታተሉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በአማርኛ ስለ ውሻ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ንክሻ ወይም ስለ ሽያጭ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ስለ ዝርያና ስለ ዳኝነት ጊዜ ወስዶ መጻፉ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። ስለ ጥርስ አገጣጠምና ስለ አረማመድ ያሉትም ትክክል ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

የምከራከረው በቀረው ላይ ነው። ጽሑፋቸው ስድስት ነገር ይላል። የትርዒት ዳኛ ማየት ያለበት መልክን ብቻ ነው። ደረትን በእጅ መጨበጥ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው። ጠባሳ ያለበት ውሻ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል። በውድድር ሜዳ ላይ ጸጉሩን አቁሞ የሚቆጣው ውሻ ነው እውነተኛው ቴሪየር። በቀበሮ ላይ የሚደረገው አደን በእንግሊዝ ስለተከለከለ ሥራን መመዘኛ ማድረግ ከእንግዲህ ትርጉም የለውም። በመጨረሻም ይኸው የትርዒት አሠራር ወደ ሰሜን ሸዋ መጥቶ የመንዝ የእረኛ ውሾች በመልክ ይወዳደሩበት። በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልክን ብቻ ስለሚለው ልጀምር። ለጌጥ ብቻ ስለተረባ ውሻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር። ቴሪየር ግን መልኩን ያገኘው ከሥራው ነው። ጃክ ራስልና ፓርሰን ራስል የተባሉት የቴሪየር ዝርያዎች በስሙ የሚጠሩለት፣ በእንግሊዝ አገር የዴቨን ቄስ የነበረው ጆን ራስል (1795–1883) ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ በ1819 ትራምፕ የተባለች ነጭ ሴት ውሻ ከአንድ ወተት ሻጭ ገዛ፤ የእርባታው መነሻም እሷ ሆነች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሲመርጥ የኖረው አንድ ዓይነት ውሻ ነው፦ ከፈረሱ ጋር ቀኑን ሙሉ መሮጥ የሚችል፣ ቀበሮው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ተከትሎት ገብቶ የሚያስወጣ። እግሩ ረዘም ያለው ለሩጫው ነው፤ ደረቱ የጠበበው ለጉድጓዱ ነው፤ ጸጉሩ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ የሆነው ለዝናቡና ለእሾሁ ነው። ነጭ ቀለሙ እንኳ ምክንያት ነበረው፤ አፈር ለብሶ ከጉድጓድ ሲወጣ አዳኞቹ ውሾች ቀበሮ መስሏቸው እንዳይዘነጥሉት ይረዳል። ዳኛው ይህን ሁሉ «መልክ» ብሎ ሲያይ ምን እያየ እንደሆነ ካላወቀ፣ የሚያየው ቅርፊቱን ብቻ ነው።

ራስል የትርዒት ጠላት አልነበረም። በ1873 የተቋቋመው፣ የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ መሥራች አባል ነበር፤ ፎክስ ቴሪየሮችንም በትርዒት ዳኝቷል። የራሱን ውሾች ግን ወደ ውድድር ሜዳ አያወጣም ነበር።

ጸሐፊው የትርዒት ስኬት ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት ፎክስ ቴሪየርን ነው። የዋንጫው ነገር እውነት ነው። ዋረን ሬመዲ የተባለች ለስላሳ ጸጉር ያላት ፎክስ ቴሪየር የኒው ዮርኩን የዌስትሚንስተር ትርዒት በ1907፣ በ1908 እና በ1909 በተከታታይ አሸንፋለች። ሻካራ ጸጉር ያለው ዓይነት ደግሞ እስከ 2019 ድረስ 15 ጊዜ አሸንፎ ከዝርያዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። ግን ያ ሁሉ ዋንጫ ሲሰበሰብ ከጉድጓድ ጋር ሥራ የነበራቸው ሰዎች የት ሄዱ? ወደ ቦርደር፣ ወደ ሌክላንድ፣ ወደ ጃክ ራስል ቴሪየሮች። በሜዳው ላይ ውበት ተብሎ የተሸለመው ቀጥ ያለ ትከሻና ጥልቅ ደረት ከመሬት በታች እንቅፋት ሆነባቸው። በ1974 በእንግሊዝ፣ በ1976 በአሜሪካ የተቋቋሙት የጃክ ራስል ክለቦች ኬነል ክለቦች ዝርያውን እንዳይመዘግቡት አጥብቀው የተከራከሩትም ይህንኑ አይተው ነው። ምዝገባው አልቀረም፤ የእንግሊዙ ኬነል ክለብ ረጅም እግር ያለውን ዓይነት (ፓርሰን ራስልን) በ1990፣ አጭሩን (ጃክ ራስልን) በ2016 ተቀበለ። የክለቦቹ ስጋት ግን መሠረት ነበረው።

የዳኛ ፍርድ በዚያ ቀን አያበቃም። ያሸነፈው ወንድ ውሻ ለእርባታ ይፈለጋል፤ ባለቤቱ ጋ ስልክ ይደወላል፤ ቡችሎቹ በየአገሩ ይበተናሉ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዝርያው በሙሉ ዳኛው የወደደውን ነገር መምሰል ይጀምራል። መልክ ብቻ ሲዳኝ ወዴት እንደሚኬድ ለማየት ክራፍትስ የተባለውን ታላቁን የእንግሊዝ የውሻ ትርዒት፣ የ2012ቱን፣ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በቅርጻቸው ምክንያት የጤና ስጋት አለባቸው የተባሉ 15 ዝርያዎች አሸናፊዎች በእንስሳት ሐኪም እንዲታዩ ተደረገ፤ ስድስቱ ምርመራውን ሳያልፉ ቀሩ። ስድስቱም ትንሽ ቀደም ብሎ ከዝርያቸው ሁሉ ምርጥ ናችሁ ተብለው ነበር። ቴሪየሮቹ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። እንዳይገቡ የሚጠብቃቸው ግን ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ ነው።

በመንዝ ይህን ጉዳይ ገበሬው ከሁላችንም ቀድሞ ያውቀዋል። ከ2009 ገደማ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማቱ ከኢልሪና ከኢካርዳ ጋር ሆኖ በሚደግፈው የማኅበረሰብ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ፣ አውራ በጎች የሚመረጡት በመዝገብና በእጅ ነው። መጀመሪያ የጠቦቱ የስድስት ወር ክብደት ከመዝገብ ይወጣል፤ ቀጥሎ በገበሬዎቹ የተመረጡ ሰዎች በጎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። እኔም በሥራዬ ምክንያት በእንዲህ ያለው መረጣ ላይ እገኛለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ቀይ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ላቱ ሰፊ የሆነ ወጠጤ ቀረበላቸው። በግራ እጃቸው አገጩን ይዘው በቀኝ እጃቸው አራት ጣት ሽንጡ ላይ አሳረፉና ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ተጫኑት። ወደ ጎድኑ ወረዱ። የፍሬዎቹን እኩልነት ዳሰሱ። ከንፈሩን ገልበው ጥርሱን አዩ፤ ከዚያ ለቀቁትና ድንጋያማው ላይ ሲራመድ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ጎን አወጡት።

ባለቤቱ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ከመጡት ሁሉ ይሄ አይደል እንዴ የሚያምረው?» አላቸው።

«ያምራል ልጄ። የእናቱን ነገር ግን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ተከታትላ ግልገሏን በወተት እጦት ጨርሳለች። ይሄን ለገበያ አድልበው።»

ልጁ አልተከራከረም። አዛውንቱ መልክ ይንቃሉ ማለት አይደለም። መንዝ ውስጥ ቀለም ገበያ ላይ ዋጋ አለው፤ ቀንድና ላትም እንደዚሁ። ከውጭ ከመጡ ቀንድ አልባና ቀጭን ጅራት በጎች የተዳቀሉት ገበሬው ዘንድ ፊት ያጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አዛውንቱ ያደረጉት መልክን ከሥራው ጋር አስተያይቶ መፍረድ ነው፤ በቴሪየር ዳኛ ላይም የምጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ያለ መልስ እሰጥበታለሁ። ጸሐፊው ደረትን በሁለት እጅ መጨበጥ የድሮ አዳኞች ወግ ነው፣ ውሻውን ያስጨንቃል፣ የዳኞች እጅም እኩል ስላልሆነ ፍትሐዊ አይደለም፣ ሜትርና የቁመት ዘንግ ይበቃል ይላሉ።

አሠራሩን ላላየ አንባቢ ልግለጽ። ዳኛው ከውሻው በስተኋላ ይሆናል። ሁለት እጁን ከፊት እግሮቹ ክርን ጀርባ አስጠግቶ ደረቱን ያቅፍና የፊት እግሮቹን ብቻ ከመሬት ትንሽ ያነሳል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጫን ይላል። መካከለኛ እጅ ላለው ሰው ሁለቱ አውራ ጣቶች አከርካሪው ላይ፣ የቀሩት ጣቶች ደግሞ ከደረቱ ሥር ያለ ችግር መገናኘት አለባቸው። ከክርኑ ጀርባ ያለው የደረት ክፍል ጠበብና ጠንከር ያለ ነው። ወደ መካከሉ ሲኬድ ሰፋ ይላል፤ ሆኖም ሲጫኑት ገባ ብሎ መመለስ ይኖርበታል። የአሜሪካ ኬነል ክለብ የፓርሰን ራስል መለኪያ (ዝርያው ምን መምሰል እንዳለበት የሚደነግገው ጽሑፍ) ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ ይህ ካልተደረገ ውሻው በትክክል ሊዳኝ እንደማይችል በግልጽ ያስቀምጣል። የቦርደር ቴሪየር መለኪያም ከትከሻው ጀርባ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ደረት ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ የአዳኞች ወግ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የሚጠሯቸው የትርዒት ማኅበራት ራሳቸው የጻፉት ግዴታ ነው።

ሜትር ለምን አይበቃም? ዓለም አቀፉ የጃክ ራስል መለኪያ ለዚህ ዝርያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ከክርን ጀርባ ደግሞ ከ40 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር የደረት ዙሪያ ይሰጣል። ቁጥሩ ይጠቅማል። ግን ሁለት ውሾች አቅርቡና ሁለቱም 42 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። የአንዱ ደረት ክብ ነው፤ የሌላው ከጎን ጠበብ፣ ወደ ታች ረዘም ያለ ሞላላ ነው። ሜትሩ እኩል ናቸው ይላል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግን ክቡ ደረት አፈሩን በሁሉም ጎን ስለሚነካ የሚሄድበት የለውም። ሞላላው በጎኑ ጋደም ብሎ፣ የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ትንፋሹን አውጥቶ ያልፋል። የጎድኖቹ መለጠጥና መመለስ በሜትር አይነበብም። የሚታወቀው በጣት ነው።

እዚህ ላይ ሳንባው ይጎዳል የሚል ሐሳብ ሊነሳ ይችላል። አይጎዳም። ለሳንባና ለልብ ቦታ የሚሰጠው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ ረዝሞ የሚሄድ የጎድን አጥንትም ይሰጣል። ጥሩ ቴሪየር ጠባብ ደረት ይዞ ረጅም ርቀት የሚሮጠው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝነው የእንግሊዝ ቀበሮ ያለፈበትን ቀዳዳ ተከትሎ ማለፍ የማይችል ውሻ ወይ ደጅ ይቀራል፣ ወይ ይቀረቀራል። የተቀረቀረ ውሻ እስኪቆፈርለት ድረስ አየር ሊያጥረው ይችላል። ከዳኛው የእጅ ጭብጥ ጀርባ ያለው የውሻው ሕይወት ነው።

የእጅ መጠን ልዩነትን በተመለከተ፣ ዳኛ እጁን ያውቃል። ትልቅ እጅ ያለው ጣቶቹ ምን ያህል መደራረብ እንዳለባቸው፣ ትንሽ እጅ ያለው ምን ያህል ክፍተት እንደሚፈቀድ ተለማምዶ ይማረዋል። እኛም የላም ማሕፀን ስንመረምር የሁላችንም ክንድ እኩል አይደለም፤ እርግዝናውን ግን እናውቃለን። ውሻው ይጨነቃል የሚለውን ደግሞ ከሥራዬ ተነስቼ እመልሳለሁ። በረጋ እጅ ለጥቂት ሰኮንድ የሚደረግ ነገር ጤነኛና በደንብ ያደገ ውሻ አያስጨንቅም። የማያውቀው ሰው ሲነካው የሚደነግጥ ወይም የሚናከስ ከሆነም፣ ዳኛው ማወቅ የነበረበትን አንድ ተጨማሪ ነገር አወቀ ማለት ነው።

ስለ ጠባሳው ብዙ አልልም፤ መለኪያው ራሱ መልሶታል። በአሜሪካው መለኪያ መሠረት በሥራ ወይም በአደጋ የመጣ የቆየ ጠባሳ እንቅስቃሴውን፣ ሥራውን ወይም እርባታውን ካላወከ በስተቀር ውሻውን ነጥብ ሊያስጥለው አይገባም። ጸሐፊው የተቆረጠ ጅራት ለውሻው ግርማ ይጨምራል ማለታቸው ግን ከዚህ ጋር ይጋጫል። በሥራ የመጣን ቁስል እንከን ካሉ፣ በሰው እጅ ለመልክ ተብሎ የተቆረጠውን እንዴት ውበት ይሉታል? በእንግሊዝ ከሚያዝያ 6 ቀን 2007 በኋላ ጅራቱ የተቆረጠ ውሻ፣ የሥራ ችሎታውን ለማሳየት ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ሕዝብ ከፍሎ በሚገባበት ትርዒት ላይ እንዲቀርብ ሕጉ አይፈቅድም።

አራተኛው ነጥብ ስለ ጠባይ ነው። ጸሐፊው በሜዳው ላይ ጎረቤቱን ለመንከስ የሚጎትት፣ ጸጉሩን የሚያቆም ውሻ የቴሪየር ልብ አለው ይላሉ፤ ዳኛውም እንዲህ ያለውን ይሸልም ይላሉ። በአንዳንድ የቴሪየር ዝርያዎች ሁለት ውሾችን ፊት ለፊት አቁሞ ማስቆጣት የቆየ የትርዒት ልማድ መሆኑ አይካድም። የፓርሰን ራስል መለኪያ ግን ይህን አይቀበልም፤ በሌላ ውሻ ወይም በሰው ላይ ግልጽ ጠብ የሚያሳይ ውሻ ጭራሽ ከውድድር ይወጣል። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ይህ ውሻ ከብዙ አዳኝ ውሾችና ፈረሶች መካከል የሚውል ነው፤ ያገኘውን የሚነክስ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አይሠራም።

ከመሬት በታችም ቢሆን የሚፈለገው ተዋጊ አይደለም። ጥሩ ሠራተኛ ቴሪየር ቀበሮውን ካገኘ በኋላ ትንሽ ርቀት ጠብቆ ፊት ለፊቱ ይቆምና ሳያቋርጥ ይጮኻል። ጩኸቱ ከላይ ላሉት ቦታውን ይነግራል፤ ዛሬ በአንገቱ ላይ የሚታሰር የሬዲዮ መጠቆሚያም አለ። ቀበሮው በጩኸቱ ተሰላችቶ በሌላ ቀዳዳ ይወጣል። ራስል ይፈልግ የነበረው ይህን ዓይነት ውሻ ነው፤ ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ የሚገድል ውሻ አደኑን ያበላሽበት ነበር። ዘሎ የሚገባበት ኃይለኛ ውሻ ደግሞ መንጋጋው ተቦጭቆ ይወጣና ሳምንታት ይተኛል። ድፍረትና ጠበኝነት የተለያዩ ናቸው። ዳኛ ይህን ካልለየ ለቤተሰብም ለሥራም የማይሆን ውሻ እንዲራባ ይፈርዳል።

አምስተኛው ነጥባቸው ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ አክብሬ እመልሳለሁ። ስኮትላንድ በ2002፣ እንግሊዝና ዌልስ ከየካቲት 2005 ጀምሮ የዱር እንስሳትን በውሻ ማደን በሕግ ገድበዋል። እኔ እንስሳት አክሞ እንደሚኖር ሰው ለመዝናናት ተብሎ በውሾች መንጋ የሚደረገው ማሳደድ መቆሙን እደግፋለሁ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ሥራው ስለሞተ የሥራ መለኪያውም ይሙት ማለታቸው ነው ትክክል ያልሆነው።

ሥራው አልሞተም። ያው የእንግሊዝ ሕግ ለአደን የሚጠበቁ ወፎችን ከጥቃት ለማዳን አንድ ቴሪየር ብቻ፣ በባለመሬቱ የጽሑፍ ፈቃድና በሌሎች ጥብቅ ሁኔታዎች ከመሬት በታች እንዲሠራ ክፍት ቦታ ትቷል። አይጥ ማደን ደግሞ ከነጭራሹ አልተከለከለም፤ በእርሻ ቤቶች የቴሪየር ዋና ሥራ ዛሬ እሱ ነው። እንስሳ ሳይጎዳ ችሎታን መፈተንም ይቻላል። በአሜሪካ የሠራተኛ ቴሪየር ማኅበር በ1971 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከ1994 ጀምሮም በኬነል ክለቡ በራሱ፣ ሰው ሠራሽ ዋሻ ያለው ፈተና ይካሄዳል። ዋሻው በቁመትም በወርድም 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በኬነል ክለቡ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ ሆኖ ሦስት ቦታ ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። መጨረሻው ላይ አይጦች በጠንካራ ፍርግርግ ተከልለው ይቀመጣሉ። ውሻው በ30 ሰኮንድ ውስጥ ጨለማውን አልፎ መድረስ፣ ከደረሰም በኋላ ለ60 ሰኮንድ ሳያቋርጥ መጮኽ ወይም መቆፈር አለበት። አይጦቹ አይነኩም። ጸሐፊው ሥራን የሚለካበት መንገድ የለም ሲሉ ይህን ፈተና አለማንሳታቸው ለአንባቢያቸው የሚጎድል ነገር ነው።

ሌላም አለ። አንድ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ባይገባ እንኳ ሥራው የቀረጸው አካል ጤነኛ አካል ነው፦ በደንብ የሚተነፍስ፣ ሳይደክም የሚሮጥ፣ ያለ ሰው እርዳታ የሚወልድ። መልክ ብቻ ያየ ዳኛ የማያገኛቸው ነገሮችም አሉ። በፓርሰንና በጃክ ራስል ቴሪየሮች የዓይን ሌንስን ከቦታው የሚያላቅቅ፣ ካልታከመ የሚያሳውር የዘር በሽታ አለ፤ ምክንያቱ የሆነው የዘረመል ለውጥ በ2010 ስለታወቀ ዛሬ በደም ወይም በምራቅ ናሙና ይመረመራል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ውሻው በጎልማሳነቱ፣ ምናልባትም ዋንጫ ወስዶ ካራባ በኋላ ነው። የምርመራ ወረቀት ሳይጠይቅ ሻምፒዮን የሚያደርግ አሠራር ምን ያህል ቢያምር ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ጸሐፊው በደብረ ብርሃን የእንስሳት ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ጎን ለጎን የመንዝ የእረኛ ውሾች ውድድር ይኑር፣ ዳኞችም በቁመት፣ በቀለም፣ በጆሮ አቋቋምና በግርማ ነጥብ ይስጡ ብለዋል። ውድድር መኖሩን እደግፋለሁ። ለውሻ ክብር የሚሰጥ መድረክ ያስፈልገናል፤ እረኛው ውሻውን ይዞ በሕዝብ ፊት ሲቆም ማየት ደስ ይለኛል። የተቃወምኩት የነጥብ አሰጣጡን ነው።

የመንዝ ውሻ ሥራው ምንድን ነው? ቀን ከእረኛው ጋር ይወጣል፤ ማታ በረቱ አጠገብ ያድራል። ጅብ ሲመጣ፣ ቀበሮ ግልገል ሲያደባ ቀድሞ ይጮኻል። ጥሩው ውሻ በጎቹን አያባርርም፤ ግልገል አጠገቡ ተኝታ አይነካትም። የጎረቤት ልጅ ሲያልፍ ይጮኻል እንጂ አይዘነጥልም። ከመንጋው ርቆ አውሬ ለማሳደድ አይጠፋም። ይህ ሁሉ በቁመትና በቀለም አይታይም። በጆሮ አቋቋም ነጥብ ይሰጥ መባሉ ደግሞ በተለይ ያስፈራኛል። እዚህ አገር ውሻውን ኃይለኛ ያደርገዋል ተብሎ ቡችላ ሳለ ጆሮው በቢላ የሚቆረጥ ስንት ውሻ አለ! የተበከለ የጆሮ ቁስል ይዘው የሚመጡብንን ቡችሎች ጸሐፊው አንድ ቀን አብረውኝ ቢያዩ ደስ ይለኛል። ዋንጫ ከተጨመረበት ቢላው ይበዛል።

ለሰሜን ሸዋ ከሌላው አገር ሁሉ የሚከብድ አንድ ጉዳይም አለ፤ ጓሳ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የመንዝ ጓሳ ሣር የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በዚያ ሣር ውስጥ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮ ጎልማሶች ጥቂቶቹ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ኑሮው በፍልፈልና በአይጥ ነው። ከዋና ዋና ጠላቶቹ አንዱ ደግሞ ከውሻ የሚተላለፈው በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሾች ተላላፊ በሽታ። ባሌ ውስጥ በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ስለዚህ ከመንጋው ተነጥሎ ጓሳ ውስጥ አይጥ ሲያሳድድ የሚውል ውሻ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለእኔ ጥሩ ውሻ አይደለም። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ቴሪየር መጥቶ ከአገሩ ውሻ ጋር ይዳቀል ያሉትንም ከዚህ ጋር አብረው እንዲያዩት እለምናለሁ። ጉድጓድ ገብቶ አይጥ ማደን በደሙ ያለ ውሻን ወደ ጓሳ አፋፍ ማምጣት የቀይ ቀበሮውን ምግብና ጤና በአንድ ጊዜ መንካት ነው። በደብረ ብርሃን የእህል መጋዘን ውስጥ ቴሪየር አይጥ ቢይዝ ደስ ይለኛል። በጓሳ አቅራቢያ ባለችው በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ግን አይሆንም።

ውድድሩ ከተካሄደ ዳኛው አንድ ሰዓት ያህል ከከተማ ወጥቶ ውሻውን ከራሱ በጎች ጋር ይየው። ግልገል አጠገቡ ትለፍ፤ የማያውቀው ሰው ወደ በረቱ ይጠጋ፤ እረኛው ሲጠራው መመለሱ ይታይ። ከዚያ ውሻውን በእጁ ይዳስሰው፤ ጥርሱን፣ መዳፉን፣ ጎድኑን፣ ዓይኑን ይመርምር። የባለቤቱን ጎረቤቶች ይጠይቅ፤ ስለ አንድ ውሻ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለቀለምና ለቁመት የተረፈውን ትንሽ ነጥብ መጨረሻ ላይ ይስጥ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና በር ላይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ የክትባት ወረቀት ይጠየቅ። ወረቀት ያልያዘ ውሻ እዚያው ይከተብ፤ ለዚያ ዙር ግን ወደ ሜዳው አይግባ።